ከእኩለ ሌሊት በኋላ የሚደወልለት ጣቢያ፦ የኒውዮርኩ ዘ ፋን

በኒውዮርክና በኒው ጀርሲ ሌሊት የሚሠራ ሐበሻ፣ ታክሲ ቢነዳም ጋራዥ ውስጥ መኪና ቢጠብቅም፣ የሬዲዮውን ቁልፍ ሲያዞር አንድ ቀን 660 ኤኤም ላይ መድረሱ አይቀርም። እኔ የደረስኩት ታክሲ መንዳት በጀመርኩበት ዓመት፣ በብርዱ ወራት፣ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ኩዊንስ ውስጥ በሩዝቬልት ጎዳና ስጓዝ ነው። ከራሴ በላይ ባቡር የሚሄድበት የብረት ድልድይ ስላለ ድምፁ እየተንጫጫ ይቆራረጥ ነበር፤ ቢሆንም አንድ ድምፁ የሻከረ ሰው ሜትስ የተባለው የቤዝቦል ቡድን አንድ ተጫዋቹን ለሌላ ቡድን አሳልፎ መስጠት እንደሌለበት እየተንገበገበ ሲያስረዳ ሰማሁ። የጣቢያው ጋዜጠኛ መስሎኝ ነበር። ለካ ሥራ ጨርሶ ወደ ቤቱ የሚሄድ ደዋይ ኖሯል። ስለ ቤዝቦል ያኔ የማውቀው ነገር አልነበረም፤ ንግግሩን ግን በሚገባ አውቀዋለሁ፤ ስለ ቅዱስ ጊዮርጊስና ስለ ኢትዮጵያ ቡና ሲከራከሩ ያደግኩባቸው የሰፈሬ ልጆች ንግግር ነው። ደብሊው ኤፍ ኤ ኤን፣ በተለምዶ ዘ ፋን የሚባለውን ይህን ጣቢያ ከዚያ ሌሊት ጀምሮ ለዓመታት ስላደመጥኩት፣ ገና ለማያውቁት አንባቢዎች ታሪኩንና ዝግጅቶቹን መገምገም ተገቢ መስሎኛል።

ጣቢያው የተከፈተው እ.ኤ.አ. ሐምሌ 1 ቀን 1987 ከቀትር በኋላ በ9 ሰዓት ሲሆን፣ ሃያ አራት ሰዓት ሙሉ ስለ ስፖርት ብቻ የሚያወራ የመጀመሪያው ሬዲዮ ነበር። ከዚያ በፊት በ1050 ኤኤም ላይ የነበረው ደብሊው ኤች ኤን የገጠር ዘፈን የሚያሰማ ጣቢያ ሆኖ የሜትስን ጨዋታዎችም ያስተላልፍ ስለነበር፣ መቀመጫውን ኢንዲያናፖሊስ ያደረገው ባለቤቱ ኤሚስ ኩባንያ ዘፈኑን ትቶ ጨዋታውን ይዞ ቀጠለ። ሜትስ በ1986 የዓለም ዋንጫ የሚሉትን የቤዝቦል ፍጻሜ አሸንፎ ስለነበር ጊዜው መጥፎ አልነበረም። ሆኖም ቀኑን ሙሉ ስፖርት የሚሰማ ሰው ይገኛል ብለው ያመኑት ጥቂቶች ነበሩ፤ ጣቢያውም በመጀመሪያው ዓመት ገንዘብ እየከሰረ ነበር የሚሠራው። ያዳነው በጥቅምት 1988 ወደ 660 መዛወሩ ነው። ኤሚስ ኤን ቢ ሲ የተባለውን የብሮድካስት ኩባንያ ሬዲዮ ጣቢያዎች ሲገዛ ይህን ሞገድ አገኘ፤ ከሞገዱም ጋር በጠዋት ዝግጅቱ ብዙ አድማጭና ብዙ ማስታወቂያ የነበረውን ዶን አይመስን አብሮ ወረሰ።

በእኔ እምነት ግን የጣቢያውን ጠባይ የወሰነው ሌላ ነገር ነው። ሲጀመር ከሰዓት በኋላ ያለውን ዋና ሰዓት የያዘው ከክሊቭላንድ የመጣው ፔት ፍራንክሊን ነበር፤ በሙያው ስመ ጥር ቢሆንም የኒውዮርክ ሰው አልለመደውም። በመስከረም 1989 ቦታውን የተኩት ማይክ ፍራንቼሳና ክሪስ ሩሶ ግን ሁለቱም የኒውዮርኩ ሎንግ አይላንድ ልጆች ነበሩ። የእነሱ ድምፅ በሬዲዮ ትምህርት ቤት የተገራ አልነበረም፤ አንዱ ጎርነን ብሎ እንደ ዳኛ የሚፈርድ፣ ሌላው እየጮኸና ቃላት እየዋጠ የሚሮጥ ነበር። ሰው የወደዳቸው ግን ሲናገሩ የራሱን አጎት ስለሚሰማ ነው። እስከ ነሐሴ 2008 ድረስ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ያህል አብረው ሠርተዋል፤ ዛሬ በአሜሪካ ከተሞች ሁሉ የሚሰማው ሁለት ሰዎች ተከራክረው ደዋይ የሚጨምሩበት የስፖርት ሬዲዮ ልማድም በአብዛኛው የእነሱን ፈለግ የተከተለ ነው። የአካባቢው ጣቢያ በአካባቢው ሰው አፍ መናገር አለበት የሚለውን ነገር ከዚህ የበለጠ የሚያሳይ ምሳሌ አላውቅም።

በእርግጥ ይህን አባባሌን የሚያስተካክል አንድ ሰው አለ። ስቲቭ ሶመርስ የሳንፍራንሲስኮ ተወላጅ ነው፤ ሆኖም ከ1987 ጀምሮ እስከ ኅዳር 2021 በጣቢያው ሲሠራ፣ በተለይ በሌሊቱ ክፍል፣ ከተማው እንደ ራሱ ልጅ ተቀብሎታል። የመግቢያ ንግግሩን በእጁ ጽፎ ይመጣ ነበር፤ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ቃላት እያዛመደ፣ የተሸነፈውን ቡድን ደጋፊ እንደ ሐዘንተኛ እያጽናና ያነብብ ነበር። ከዚያ በኋላ ስልኩ ይከፈት ነበር። ደዋዮቹ ጥበቃዎች፣ ነርሶች፣ ጋዜጣ አዳዮች፣ እንቅልፍ ያጡ ሽማግሌዎች ነበሩ። አንድ ደዋይ ከ1969ኙ የሜትስ ድል ጀምሮ ሲቆጥርለት አያቋርጠውም ነበር፤ እስኪጨርስ ይጠብቀው ነበር። እንግሊዝኛዬ ከዚህ ሬዲዮ ብዙ ተጠቅሟል፤ ሰውን ሳያቋርጡ ማዳመጥ ምን እንደሚመስልም ያየሁት እዚህ ነው።

ከሁሉም በላይ ግን አክብሮቴን የምሰጠው ለሱዚን ዋልድማን ነው። በ1987 ጣቢያው ሲከፈት የስፖርት ዜና ይዛ መጀመሪያ የተሰማችው እሷ ነበረች። ከቦስተን አካባቢ የመጣች፣ ቀድሞ በብሮድዌይ የሙዚቃ ድራማ መድረክ ላይ የሠራች ሴት ስለሆነች፣ በዚያን ዘመን የተጫዋቾች ልብስ መቀየሪያ ክፍል ድረስ ገብታ መዘገቧ ለብዙዎች የሚዋጥ አልነበረም። እሷ ግን ዓመታት ታግሣ ያንኪስ የተባለው ሌላው የኒውዮርክ ቤዝቦል ቡድን ዋና ዘጋቢ ሆነች፤ በ2005ም የቡድኑን ጨዋታዎች በሬዲዮ ከሚያስተላልፉት ሁለት ድምፆች አንዷ ሆና ተቀመጠች። በ2014 የያንኪስ ጨዋታ ስርጭት ወደ ዘ ፋን ሲዛወር፣ የጣቢያው የመጀመሪያ ድምፅ ከሃያ ሰባት ዓመት በኋላ ወደ ተነሣችበት ጣቢያ ተመለሰች ማለት ነው። በዚያው ዓመት ሜትስ ወደ ሌላ ጣቢያ ሄደ፤ የሜትስ ደጋፊዎች ግን ጨዋታውን እዚያ ሰምተው ብሶታቸውን ለዘ ፋን መንገራቸውን አልተዉም።

የቀኑ አሰላለፍ ቀላል ነው። ጠዋት ላይ የቀድሞው የአሜሪካ ፉትቦል ተጫዋች ቡመር ኢሳያሰን ከ2018 ጀምሮ ከግሬግ ጂያኖቲ ጋር ያቀርባል፤ ሣቅና ቀልድ የሚበዛበት ስለሆነ ሥራ ለሚሄድ ሰው ይመቻል። ቁም ነገሩ ያለው ከሰዓት በኋላ ባለው ዝግጅት ነው፤ ምሽት ላይ ጨዋታ ካለ ጨዋታው ይተላለፋል፤ ካለቀ በኋላ ደግሞ ስልኩ እስከ ንጋት ክፍት ነው። ለብዙ ዓመታት በየሃያ ደቂቃው የሚሰማው አጭር የስፖርት ዜና የጣቢያው መለያ ሆኖ ኖሯል፤ ተሳፋሪ አውርዶ ሌላ እስኪጭን የሁሉንም ቡድን ውጤት ይዞ መሄድ ይቻል ነበር።

ጉድለቶቹንም መናገር ይገባል። የአይመስ የጠዋት ዝግጅት በሚያዝያ 2007 ያበቃው የራትገርስ ዩኒቨርሲቲ ሴት ቅርጫት ኳስ ተጫዋቾችን በዘር በሚያዋርድ ቃል በመናገሩ ነው፤ ከሥራ መባረሩም ትክክል ነበር። የዛሬው ትልቁ ቅሬታዬ ግን የውርርድ ማስታወቂያ ነው። በ2018 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የስፖርት ውርርድን ለክፍለ ግዛቶች ከፈቀደ፣ ኒውዮርክም በጥር 2022 በስልክ መወራረድን ካስጀመረች ወዲህ፣ ስለ ቡድኑ ተስፋ የሚደረገው ወሬ በየመካከሉ ወደ ገንዘብ ስሌት ይዞራል። አዲስ አበባ ላይ ቤቲንግ ቤት ደጃፍ ቲኬት ይዘው የሚቆሙ ወጣቶችን ያየ ሰው ይህ ነገር ወዴት እንደሚያደርስ ያውቃል፤ አቅራቢዎቹም ማስታወቂያውን በራሳቸው ድምፅ ማንበባቸው አድማጩ ለእነሱ ያለውን እምነት መሸጥ ነው።

ሩጫ ወዳድ የሆነ ሐበሻም ብዙ መጠበቅ የለበትም። ደራርቱ ቱሉ በ2009፣ ታምራት ቶላ በ2023 ያሸነፉበት የኒውዮርክ ማራቶን የሚካሄደው በኅዳር መጀመሪያ እሑድ፣ ፉትቦሉ በተጋጋለበት ወቅት ነው፤ የዚህ ጣቢያ ልብ ደግሞ ከኳሱ ቡድኖች ጋር ነው። ይህን እንደ በደል አልቆጥረውም። የአዲስ አበባ የኤፍ ኤም ስፖርት ዝግጅቶች ለእንግሊዝ ክለቦች ያን ያህል ሰዓት ሲሰጡ ስሰማ፣ ለገዛ ከተማው ቡድኖች ብቻ ታምኖ የሚኖር ጣቢያ ያስቀናኛል።

አሁን በ101.9 ኤፍ ኤም ጭምር ስለሚሰማ በብረት ድልድዩ ሥር ያለው ጫጫታ የለም። እኔ ግን በሌሊት 660ን እመርጣለሁ። ጣቢያው 50,000 ዋት ኃይል አለው፤ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ የኤኤም ሞገድ ከላይኛው የአየር ንብርብር እየነጠረ ሩቅ ስለሚሄድ፣ ዘመድ ለመጠየቅ ወደ ሲልቨር ስፕሪንግ ስነዳ ኒው ጀርሲን ጨርሼ ደላዌርንም አልፌ ይከተለኛል። ባለፈው የፋሲካ ዋዜማ ሜሪላንድ ከገባሁ በኋላ አንዲት ከብሮንክስ የደወለች ሴት ስለ ያንኪስ አዲስ ኳስ ወርዋሪ ትናገር ነበር፤ ድምፁ እየራቀ፣ እየተመለሰ፣ እንደገና እየራቀ ሄደ። መኪናውን ነዳጅ ማደያ ውስጥ አቁሜ፣ ሞተሩን ሳላጠፋ፣ ንግግሯን እስክትጨርስ ጠበቅሁ።