አሥራ አንድ ወር የያዝኩት የውሃ መመርመሪያ እና ያቺ 1.9

ይህን በእጅ የሚያዝ ፎቶሜትር (የውሃውን ቀለም አንብቦ የሚለካ መሣሪያ) ከገዛሁ አሥራ አንድ ወር ሞላኝ። ቀሪ ክሎሪን፣ ናይትሬት፣ ብረት ይለካል፤ በእነዚህ ቅሬታ የለኝም። አቧራውንም የመኪናውንም መንገጫገጭ ችሏል። የገዛሁት ግን ሲበዛ ጥርስ ለሚያበላሸው ፍሎራይድ ነበር። የምሠራው ከሞጆ እስከ ዝዋይ ባሉ ጉድጓዶች ላይ ነው፤ በስምጥ ሸለቆ ደግሞ ጉድጓድ ሲቆፈር አስቀድሞ የሚያሳስበው ፍሎራይድ ነው።

በሦስተኛው ወር መቂ አጠገብ የአንዲት እናት የግቢ ጉድጓድ ለካሁ። 1.9 ሚሊግራም በሊትር አለኝ። የዓለም ጤና ድርጅት ወሰን 1.5 ነው። «ትንሽ አልፏል እማማ፤ ሌላ ውሃ ቢገኝ ይሻላል እንጂ የሚያስደነግጥ አይደለም» ብያቸው ሄድኩ። ከአራት ወር በኋላ ከዚያው ጉድጓድ የቀዳሁት ናሙና አዲስ አበባ ላብራቶሪ ገብቶ በፍሎራይድ ኤሌክትሮድ (በቀለም ሳይሆን በኤሌክትሪክ ምልክት በሚለካ ዘንግ) ተለካ። 6.4 መጣ። ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። የልጅ ልጆቻቸው ጥርስ ላይ ቡናማ ምልክት አይቼ ነበር፤ ዓይኔ ያየውን ትቼ ቁጥሩን አመንኩ።

ዘዴው ስፓድንስ የሚባለው ነው። 10 ሚሊ ሊትር ናሙና ላይ 2 ሚሊ ሊትር ቀይ የመመርመሪያ ፈሳሽ (ሪኤጀንት) ትጨምራለህ። ሪኤጀንቱ ውስጥ ዚርኮኒየም የሚባል ንጥረ ነገር ከቀለሙ ጋር ተያይዞ ይኖራል። ፍሎራይድ ሲመጣ ዚርኮኒየሙን ከቀለሙ ይነጥቀዋል፤ ቅላቱ ይደበዝዛል፤ መሣሪያው የሚያነበውም ያንን መደብዘዝ ነው። ፍሎራይዱ ሲበዛ ግን የሚነጠቅ ዚርኮኒየም ያልቃል። ከዚያ ወዲያ ብትጨምርበትም የሚደበዝዝ ቀለም ስለማይተርፍ፣ ፍሎራይዱ ብዙ የሆነ ውሃና እጅግ ብዙ የሆነ ውሃ ቀለማቸው ይቀራረባል። የመሣሪያው ልክ እስከ 2 ነው። የእኔው ልኩ ሲታለፍ አያስጠነቅቅም፤ ለ2 የተጠጋ፣ እውነት የሚመስል ቁጥር ጽፎ ዝም ይላል።

«መመሪያው ላይ አቅጥነህ ድገም ተብሎ ተጽፏል» ትለኝ ይሆናል፣ ወንድሜ ሻጩ። ተጽፏል፣ በደቃቅ ፊደል። እኔ ግን የት እንደምሠራ ነግሬህ ነበር። አለቱ እሳተ ገሞራ የተፋው ነው፤ ውሃው ሶዲየምና ባይካርቦኔት የበዛበት፣ ካልሲየም ያነሰው ነው። ካልሲየም ሲጎድል ፍሎራይዱን ይዞ የሚዘቅጥ ነገር የለም፤ ስለዚህ ከ2 በላይ የሆነ ጉድጓድ እዚህ ብርቅ አይደለም። ይህን እየነገርኩህ «ሁሉንም ይለካል» ነበር መልስህ። «እስከ ስንት?» ብዬ አለመጠየቄ ይቆጨኛል፤ ሳልጠይቅህ መናገር ግን የአንተ ፋንታ ነበር።

ማቅጠኑም ቀላል አይደለም። አንድ እጅ ናሙና ከአራት እጅ ዲስቲልድ (ተንኖ የተጣራ) ውሃ ጋር ቀላቅለህ ውጤቱን በአምስት ታባዛለህ፤ ስህተትህም አብሮ በአምስት ይባዛል። መስክ ላይ ዲስቲልድ ሲያልቅ ሰው የሚሮጠው ወደ ባትሪ ውሃ ነው። እኔም ከመኪና ዕቃ ሱቅ ገዝቼ ኮንዳክቲቪቲውን (የሟሟበትን ጨው የሚያሳየውን የኤሌክትሪክ ማስተላለፍ አቅም) ብለካው ከቧንቧ ውሃ ብዙም አልራቀም። እንዲህ ያለ ውሃ ፍሎራይድ ይዞ ለዜሮ ማስተካከያ (ፍሎራይድ የለውም ተብሎ መነሻ ለሚሆነው ናሙና) ከገባ ደግሞ ናሙናው ሁሉ ዝቅ ብሎ ይነበባል። አሁን ዲስቲልዱን ከላብራቶሪ በጀሪካን እየጫንኩ ነው የምወጣው።

ለክሎሪን ብቻ የምትፈልጉት ከሆነ ግዙት፣ አያሳፍርም። ለስምጥ ሸለቆ ፍሎራይድ ግን አትግዙት፤ ታግሳችሁ ለኤሌክትሮድ አጠራቅሙ። ተናድጄ ነው የምጽፈው፤ ንዴቴ ሲበርድም ይህን አልለውጥም።

ውጤቱ በመጣ ማግስት መቂ ተመለስኩ። ቁጥሩ ስህተት እንደነበር፣ ስህተቱም በእኔ እጅ እንዳለፈ ለእማማ ነገርኳቸው። ብዙ ዝም አሉ።

«ባፈላውስ ልጄ?»

«በማፍላት አይጠፋም እማማ። ውሃው እየተነነ ፍሎራይዱ እዚያው ይቀራል፤ እንዲያውም ይበረታል።»

አሁን ለመጠጥና ለወጥ ላብራቶሪ 1.1 ካለው ቦኖ ያስቀዳሉ። መንገዱ በጋሪ ግማሽ ሰዓት ይፈጃል። የጉድጓዱ ውሃ ለልብስ አጠባ ቀርቷል።