እግሬን ዳስሶ ያየልኝ ክሊኒክ

ድሬዳዋ ውስጥ ከከዚራ ሰፈር ወደ መጋላ የምሻገረው ሁሌም በእግሬ ነበር። ዘንድሮ ግን ደቻቱ ድልድይ ሳልደርስ ቀኝ ባቴን ጭምድድ አድርጎ ይይዘኛል። ቆም ስል ሁለት ሦስት ደቂቃ ሳይሞላ ይለቀኛል። ስራመድ እንደገና ያው ነው።

መጀመሪያ የሄድኩበት ቦታ እግሬን እንኳ ሳይነኩ «ሪህ ነው» ብለው የማስታገሻ መርፌ ወጉኝ። ሦስት ወር በከንቱ አለፈ። እስካሁን ያንገበግበኛል።

ከዚራ ዛፎቹ ጥላ ሥር ወዳለው የውስጥ ደዌ ክሊኒክ የወሰደችኝ ልጄ ናት። ሐኪሟ ገና ከመቀመጤ «ጋሼ፣ ቆም ሲሉ ይተውዎታል ወይስ ካልተቀመጡ አይለቅዎትም?» አለችኝ። እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። ቆም ሲሉ የሚለቅ ከሆነ የደም ሥር መጥበብ ይጠረጠራል። ቁጭ ወይም ጎንበስ ካላሉ የማይለቅ ከሆነ ደግሞ ወገብ ላይ የተጫነ ነርቭ ሊሆን ይችላል።

ካልሲዬን አስወልቃ የእግሬን ጀርባ በጣቶቿ ዳሰሰች። የግራው ትርታ ወዲያው ተገኘ። ቀኙ ላይ ጣቷን እያዘዋወረች ብዙ ቆየች። ከዚያ አስተኝታኝ ትንሽ ካረፍኩ በኋላ የክንዴንና የቁርጭምጭሚቴን ግፊት ለካች። እስክሪብቶ የምታህል መሣሪያ ደሜን «ሹው ሹው» እያለች ታሰማለች። የቀኙ ድምፅ ደከም ያለ ነው። ክንዴ 150፣ ቀኝ ቁርጭምጭሚቴ 96 ሆነ። የቁርጭምጭሚቴን ለክንዴ ወረቀት ላይ አካፍላ 0.64 መምጣቱን አሳየችኝ። ከ0.90 በታች ከሆነ የደም ሥር ጠቧል ማለት ነው። ስኳሬንና ኮሌስትሮሌንም አስመረመረች። ሲጋራውን ግን ዛሬውኑ ተው አለችኝ፤ ተውኩ።

መድኃኒት አዘዘችልኝ። ከዚያ በላይ የገረመኝ የታዘዘልኝ እርምጃ ነው፦ እስኪያመኝ መሄድ፣ መቆም፣ ሲለቀኝ መቀጠል። በሳምንት ቢያንስ ሦስት ቀን፣ ለሦስት ወር። የድሬ ፀሐይ ሳይበረታ በጠዋት እወጣለሁ።

ቅር ያለኝ አንድ ነገር ነው። ካርድ የሚወጣው ምድር ላይ፣ ምርመራው ፎቅ ላይ ነው። እግሩን ያመመው ሰው ደረጃ መውጣት የለበትም፤ ያስተካክሉት።

የምትሄዱ ካላችሁ ወረፋው ስለሚበዛ ከጠዋቱ 2 ሰዓት በፊት ድረሱ። የሱሪያችሁ እግር ሰፋ ያለ ይሁን፤ መለኪያው ቁርጭምጭሚት ላይ ይታሰራል።