የአልጋ ሂሳብ በወሎ መንገድ፦ በቴሌብር ወይስ በጥሬ ብር?

ከኮምቦልቻ ተነስታችሁ በደሴ ወደ ላሊበላ ስትወጡ አልጋ በምን ትከፍላላችሁ? ደሴና ኮምቦልቻ ላይ እኔ ስልኩን እመርጣለሁ። ቴሌብር በ2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ ነገሩ ቀሏል፤ ብሩን ትልካላችሁ፣ ለባለቤቱ መልእክት ይገባለታል፣ ቁልፉን ትቀበላላችሁ። "ዝርዝር የለኝም" የሚባል ጣጣ የለም። ነገ "አልከፈላችሁም" ቢሏችሁም ማስረጃው ስልካችሁ ላይ አለ።

ኔትወርክ ከጠፋ ግን አበቃ። አንድ ማታ ወልድያ ላይ መብራት ጠፍቶ፣ ስልኬም ባትሪ ጨርሶ፣ ያዳነኝ ካልሲዬ ውስጥ የሸጎጥኳቸው ባለ200 ኖቶች ናቸው (የእናቴ ዘዴ ነው፤ ስስቅባት ኖሬ ነበር)። ጥሬ ብር ይሰረቃል፣ ይቆሽሻል፤ ባትሪ ግን አይጨርስም።

ለባቲ የሰኞ ገበያማ ጥሬ ብር ያዙ፤ ያውም ዝርዝሩን።