ቱሉ ዲምቱ ያለው ስልክ ጠጋኝ

አዲስ አበባ፣ ቱሉ ዲምቱ፣ ኮንዶሚኒየሙ ሥር፣ አንዲት የቆርቆሮ ስልክ መጠገኛ አለች። ጠጋኙን ከነወንበሩ ትይዛለች፣ በቃ። ደንበኛ ደጅ ይቆማል።

ያገለገለ ሁዋዌ ፒ40 ይዤ ሄድኩ። ካሜራው አንደኛ ነው! ዩቲዩብ ግን አልከፍት አለኝ። የሸጠልኝ ልጅ «አፕዴት ስታደርጊው ይስተካከላል» ብሎኝ ነበር። ውሸታም።

ጠጋኙ ገልበጥ አድርጎ አየውና ሳቀ። «እህቴ፣ ይሄ እኮ ብልሽት አይደለም። ፖለቲካ ነው።»

እውነቱን ነው። አሜሪካ በፈረንጆቹ 2017 ባወጣችው የብሔራዊ ደህንነት ስትራቴጂ ቻይናን ተፎካካሪ አለቻት። በ2019 የቻይናውን ኩባንያ ሁዋዌን ያለ ፈቃድ የአሜሪካ ቴክኖሎጂ እንዳይሸጥለት ዝርዝር ውስጥ ከተተችው። ዩቲዩብን የመሰሉ የጎግል አገልግሎቶች ከአዳዲስ ሞዴሎቹ የጠፉት በዚህ ነው። በ2020 ደግሞ ብሶ መጣ፤ በአሜሪካ መሣሪያ የሚሠራ የውጭ ፋብሪካም ያለ ፈቃድ ቺፕ (የስልክ አንጎል በሉት) እንዳያመርትለት ተከለከለ። ሁዋዌ ግን እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም። በ2023 ቻይና ውስጥ የተመረተ ቺፕ ያለውን ሜት 60 ፕሮ የተባለ ስልክ ይዞ ብቅ አለ።

እንግዲህ ዋሽንግተን የተፈረመ ወረቀት ቱሉ ዲምቱ ድረስ መጥቶ ዩቲዩቤን ዘጋው።

ጠጋኙ በብራውዘር እንዲከፍት አድርጎ፣ ምልክቱን ፊት ለፊት አስቀመጠልኝ። ግማሽ ሰዓት ፈጀ፣ 100 ብር ከፈልኩ። «አዲስ ስልክ ግዢ» ብሎ ሊሸጥልኝም አልሞከረም። ይሄን ወደድኩለት።

ቅሬታዬ አንድ ነው፦ ፀሐዩ። ጃንጥላ ይዛችሁ ሂዱ።