የፊዚክስ ቀን በኪንግስ ዶሚኒየን፦ ቅናሹ ለየትኛው ልጅ ያዋጣል?

መዝናኛ ፓርኮች «የትምህርት ቀን» እያሉ በቅናሽ የሚሸጡት ትኬት ያዋጣል ወይ ለምትሉ ወላጆች፣ የእኔ መልስ እንደ ልጁ ዕድሜ ይለያያል። ልጃችሁ ሰባተኛ ክፍልና ከዚያ በላይ ከሆነ ውሰዱት። እንዲያውም አያምልጠው። ትንሽ ልጅ ከሆነ ግን ገንዘባችሁን ያዙ። ለምን እንዲህ እንደምል ልንገራችሁ።

የምጽፈው ኪንግስ ዶሚኒየን በሚባለው መዝናኛ ፓርክ ስላለው የፊዚክስ ቀን ነው፤ ተማሪዎች በቅናሽ ገብተው በመጫወቻዎቹ ላይ ፊዚክስ የሚሠሩበት ቀን ማለት ነው። እኛ የምንኖረው ቨርጂኒያ፣ ዉድብሪጅ ነው። በ95 አውራ ጎዳና ወደ ደቡብ ስትነዱ፣ ሪችመንድ ሳትደርሱ ዶስዌል ላይ ታገኙታላችሁ። ከ1975 ጀምሮ የነበረ ፓርክ ነው። ትልቋ ልጄ አሥረኛ ክፍል ሆና ከፊዚክስ ክፍሏ ጋር ስትሄድ እኔም አጃቢ ወላጅ ሆኜ ሄድኩ። ትንሹንም ከትምህርት ቤት አስፈቅጄ ይዤው ሄድኩ። ስለዚህ በአንድ ቀን ሁለት የተለያየ ዕድሜ ላይ ያሉ ልጆች ምን እንዳገኙ አይቻለሁ።

መጀመሪያ ስለ ገንዘቡ። ቅናሹ እውነተኛ ነው። የቡድን ትኬት በር ላይ ከሚሸጠው በደንብ ይረክሳል። ግን የሚቀነሰው ትኬቱ ብቻ ነው። በራሱ መኪና የሚሄድ ሰው ፓርኪንግ ለብቻው ይከፍላል። እንዲህ ያሉ ፓርኮች ባብዛኛው ምግብ ይዞ መግባት አይፈቅዱም፣ ውስጥ የሚሸጠው ደግሞ የትም ቢሆን ውድ ነው። እኛ የሄድነው በዐቢይ ጾም ስለነበር የሽሮ ፍርፍር ቋጥሬ መኪና ውስጥ ትቼ ነበር። ምሳ ሰዓት ላይ ወጥተን በላን። ወጥቶ ተመልሶ መግባት እንደሚቻል አስቀድማችሁ በር ላይ ጠይቁ።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። አሜሪካ ከመምጣቴ በፊት ደሴ ሃይስኩል አስተማሪ ነበርኩ። አንድ ድንጋይ ከ90 ሜትር ከፍታ ቢለቀቅ መሬት ሲደርስ ፍጥነቱ ስንት ይሆናል? እንዲህ ያለ ጥያቄ ጥቁር ሰሌዳ ላይ ስጽፍ ኖሬያለሁ። ተማሪዎቼ ይሠሩታል፤ ብዙዎቹም በትክክል ይሠሩታል። 42 ሜትር በሰከንድ ይላሉ። ግን ያ መልስ እውነት መሆን አለመሆኑን በምን ይወቁ? ከመጽሐፉ ጀርባ ካለው መልስ ጋር ከማስተያየት ሌላ መንገድ አልነበራቸውም። ጎበዝ ልጆች ነበሩ። የሚለኩት ነገር ቢያገኙ የት በደረሱ!

ኪንግስ ዶሚኒየን ውስጥ 305 ጫማ ከፍታ ያለው ሮለር ኮስተር አለ። በ2010 ሲከፈት ስሙ ኢንቲሚዴተር 305 ነበር። ከአናቱ ቁልቁል የሚወርደው 300 ጫማ ነው፤ 91 ሜትር ገደማ ማለት ነው። የእኔ የጥቁር ሰሌዳ ጥያቄ ከነነፍሱ ቆሞ አየሁት። መምህሯ ከመሄዳችን በፊት ለልጆቹ የሥራ ወረቀት ሰጥተዋቸው ነበር። ልጄ ማታ የምግብ ጠረጴዛው ላይ ሠራችው። የመሬት ስበት 9.8፣ በ91 ተባዝቶ፣ እንደገና በ2 ተባዝቶ፣ ከዚያ ስኩዌር ሩቱ። 42 ሜትር በሰከንድ ወጣላት። ወደ ማይል ስትቀይረው በሰዓት 95 ማይል አካባቢ ሆነ።

የዚህ ሮለር ኮስተር ከፍተኛ ፍጥነት ተብሎ የሚነገረው ግን 90 ማይል ነው።

አምስቱ ማይል የት ገባ? ልጄን ቀኑን ሙሉ የያዛት ይህ ጥያቄ ነው። አየሩ ወስዶታል፣ የጎማውና የሐዲዱ ፍትጊያ ወስዶታል። ይህን ቤት ውስጥም ገምታ ነበር። እዚያ ቆማ ስታየው ደግሞ ሌላ ነገር ታያት። ባቡሩ ረጅም ነው። መካከሉ ከታች ሲደርስ ፊቱ ሽቅብ ጀምሯል፣ ኋላው ገና አልወረደም። ስለዚህ ባቡሩ በሙሉ 300 ጫማውን አንድ ላይ አይወርድም። ይህን ማንም አልነገራትም። ሒሳቡ የሚያወራው ስለ አንዲት ነጥብ ነው፤ ፊቷ ያለው ግን ከነተሳፋሪው ረጅም ነገር ነው። በዚህ በሁለቱ መካከል ያለውን ልዩነት በዓይኗ አገኘችው። ለዚህ ብቻ ብዬ እንኳ ብሩን ደግሜ ብከፍለው አይቆጨኝም።

ሌሎቹም ሥራዎች ጥሩ ነበሩ። ልጆቹ ከሐዲዱ ውጪ ቆመው ባቡሩ በአንድ ምሰሶ አጠገብ ለማለፍ የሚፈጅበትን ጊዜ በስልካቸው ይይዛሉ። የባቡሩን ርዝመት ለጊዜው ሲያካፍሉ ፍጥነቱን ያገኛሉ። ፓርኩ መሃል ደግሞ የኤፍል ታወር ቅጂ አለ፤ የእውነተኛውን ሲሶ ያህላል። ፕሮትራክተር ላይ የመጠጥ ቀሰም ለጥፈው፣ ክር ላይ ብሎን አንጠልጥለው አናቱን ያነጣጥራሉ። ማዕዘኑን ያነባሉ፣ ርቀቱን በእርምጃ ይለካሉ፣ ቁመቱን ያወጣሉ። ለዚህ የሚወጣው ወጪ ከጥቂት ሳንቲም አይበልጥም። ደሴም ላይ በአንድ ፎቅ መሥራት ይቻላል፤ ለቀድሞ ባልደረቦቼ በቴሌግራም ልኬላቸዋለሁ።

ሰውን ወደ ላይ አውጥቶ የሚለቀው ማማም አለ፤ ድሮፕ ታወር ይሉታል። ይህን ሳይ መጀመሪያ የመጣልኝ ጥያቄ «መብራት ቢጠፋስ?» የሚል ነበር። ከአጃቢዎቹ አንዱ መምህር ጥሩ አድርገው አስረዱን። ፍሬኑ የማግኔት ነው። ማግኔት በብረታ ብረት አጠገብ በፍጥነት ሲያልፍ ብረቱ ውስጥ ኤሌክትሪክ ይፈጠራል፣ ያ ኤሌክትሪክ ደግሞ መልሶ እንቅስቃሴውን ይቃወማል። ከውጭ የሚመጣ መብራት አያስፈልገውም። ቁልቁል መውረዱ ራሱ ነው ፍሬኑን የሚያሠራው። ከዚያ በኋላ ልጄ ያለ ፍርሃት ወጣችበት። እኔ ከታች ሆኜ ሰዓት ያዝኩላት።

ትንሹስ? ሦስተኛ ክፍል ነው። ያን ትልቁን ሮለር ኮስተር ለመሳፈር 54 ኢንች ቁመት ያስፈልጋል፤ እሱ አልደረሰም። የሥራ ወረቀቱም አልገባውም፣ ሊገባውም አይገባም። አንድ ቦታ ላይ ብቻ ነው በትምህርቱ በኩል የተጠቀመው። በ1917 የተሠራ ጥንታዊ የእንጨት ፈረሶች መሽከርከሪያ አለ። ከዳር ያለው ፈረስና ከመሃል ያለው እኩል ዞረው እኩል ይመለሳሉ፤ ታዲያ የትኛው ይፈጥናል? አንዴ ከዳር፣ አንዴ ከውስጥ ተቀምጦ «የዳሩ!» አለኝ፣ ለምን እንደሆነም በእጁ ክብ እየሠራ አሳየኝ። የቀረው ጨዋታ ነበር። ልጅ መጫወት አለበት፣ ደስም ብሎታል። ግን ለጨዋታው ብቻ ከሆነ ከትምህርት ገበታው ማስቀረት አያስፈልግም፤ በሌላ ቀን ይሄዳል።

ስሙን የማልጠራው ሌላ ፓርክ ደግሞ «የትምህርት ቀን» ብሎን ሄደን ነበር። ትምህርት የተባለው ቀለም የሚቀባበት አንድ ወረቀትና አጭር ትርዒት ሆኖ ተገኘ። ልጆቹ ጥያቄ ሲጠይቁ የሚመልስ ሰው አልነበረም። ስለዚህ ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት የሥራ ወረቀቱን ላኩልኝ በሉ። የሚልኩት ወረቀት ከሌላቸው የተቀነሰላችሁ የጨዋታ ትኬት ነው።

ለትንንሾች እኔ በጣም የምወደው ሲክስ ፍላግስ የተባለው የመዝናኛ ፓርኮች ድርጅት ያለውን የንባብ ፕሮግራም ነው። ከኪንደርጋርተን እስከ ስድስተኛ ክፍል ያለ ተማሪ ከትምህርት ቤት ሥራው ውጪ ስድስት ሰዓት ካነበበ ነጻ ትኬት ያገኛል። መመዝገብ ያለበት አስተማሪው ነው። የትንሹ ልጄ አስተማሪ የአማርኛ መጽሐፍም ቆጠሩለት። ፊደል ለማስቆጠር ስንት ጊዜ የለመንኩት ልጅ በየማታው ራሱ መጽሐፉን ይዞልኝ ይመጣ ጀመር። ይሄ ትኬቱን ከመጠቀማችንም በፊት ያገኘነው ነው። ትኬቱ ግን ለልጁ ብቻ መሆኑን አትርሱ፤ አዋቂው ከፍሎ ነው የሚገባው። ሜሪላንድ ያሉ ቤተሰቦች ለዚህ ይሄዱበት የነበረው ሲክስ ፍላግስ አሜሪካ የተባለው ፓርክ በኖቬምበር 2 ቀን 2025 ተዘግቷል። እንዲህ ያለ ትኬት ስታገኙ የትኛው ፓርክ እንደሚቀበለው አረጋግጡ።

ለትንሽ ልጅ ትምህርት ከፈለጋችሁ ደግሞ ዲሲ አጠገባችን ነው። ስሚዝሶኒያን ሙዚየሞች መግቢያቸው ነጻ ነው። በተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየሙ በ2010 በተከፈተው የሰው ዘር አመጣጥ አዳራሽ የድንቅነሽን ቅጂ ታገኛላችሁ። ትንሹ ልጄ ፊቷ ቆሞ «እኛ አገር ናት የተገኘችው» ብሎ ለማያውቀው ልጅ ሲያስረዳ ሰማሁት። ዳላስ (Dulles) ኤርፖርት አጠገብ ያለው የአውሮፕላን ሙዚየምም ነጻ ነው። 15 ዶላር የፓርኪንግ አለው፣ ከቀኑ 10 ሰዓት በኋላ ግን እሱም አይከፈልም። ዲስከቨሪ የተባለችው የጠፈር መንኮራኩር እዚያ ቆማለች። የፉድ ስታምፕ (የመንግሥት የምግብ ድጋፍ) ካርድ ያላችሁ ቤተሰቦች ደግሞ «ሙዚየምስ ፎር ኦል» በሚባለው ፕሮግራም፣ በመላው አሜሪካ ባሉ ብዙ ሙዚየሞች ከነጻ እስከ 3 ዶላር ባለ ዋጋ፣ እስከ አራት ሰው ሆናችሁ መግባት ትችላላችሁ። ካርዱን ለማሳየት አትፈሩ፤ የተዘጋጀው ለእናንተ ነው።

ለትልልቆቹ ግን የፊዚክስ ቀኑን አጥብቃችሁ ያዙ። ክረምቱ ሳይወጣ፣ ጃንዩወሪ ላይ ለፊዚክስ አስተማሪው ኢሜይል ጻፉ። «ዘንድሮ ትሄዳላችሁ? አጃቢ ካስፈለገ እኔ አለሁ» በሉ። ብዙ አስተማሪ ጉዞውን የሚተወው አጃቢ በማጣት ነው። ልጃችሁን የምታስተምሩት ቤት ውስጥ ከሆነ ከሌሎች ቤተሰቦች ጋር ተደራጁ፣ የቡድን ዋጋው ስንት ሰው እንደሚጠይቅ ፓርኩ ይነግራችኋል። ፕሮትራክተር፣ ክር፣ ቀሰምና እርሳስ ይዛችሁ ሂዱ። ሒሳቡን ማታውኑ ቤት ሠርተው ይምጡ፤ እዚያ ሲደርሱ የራሳቸው ቁጥር በእጃቸው ይሁን።