የዲሲ ፔይድ ፋሚሊ ሊቭ፦ ለአስታማሚ ሠራተኛ ክፍያው ደግ፣ ወረቀቱ ክፉ

ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ የሚሠራ ሰው እናቱ ወይም አባቱ ሲታመሙበት መጀመሪያ የሚቆጥረው ያጠራቀመውን የዕረፍት ቀን ነው። እሱ ሲያልቅ ፈረቃ ይለምናል፣ ያለ ደመወዝ ይቀራል፣ ሲብስም ሥራውን ይለቃል። እዚያ ከመድረሱ በፊት መጠየቅ ያለበት ግን የዲስትሪክቱ መንግሥት ራሱ የሚከፍለው የቤተሰብ ፈቃድ ነው፤ በተለምዶ ፔይድ ፋሚሊ ሊቭ የምንለው። ሕጉ በ2016 ጸደቀ፤ ክፍያው በሐምሌ 2020 ጀመረ (ዓመታቱ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። መጀመሪያ ላይ ለአስታማሚ የሚሰጠው 6 ሳምንት ብቻ ነበር። ከጥቅምት 2022 ጀምሮ 12 ሳምንት ሆኗል።

ከአምስት ኮከብ አራት እንሰጠዋለን። አንዱን ያስቀነሰው የገንዘቡ ማነስ አይደለም፤ ገንዘቡን እየከፈለ የሥራ ቦታዎን ግን አለመጠበቁ ነው። ወደዚያ እንመለሳለን።

በቅድሚያ ማን እንደሚገባበት እንይ፣ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነውና። የሚታየው የሚኖሩበት ሳይሆን የሚሠሩበት ቦታ ነው። ሜሪላንድ ሲልቨር ስፕሪንግ ወይም ቨርጂኒያ አሌክሳንድሪያ እየኖሩ ከሥራዎ ከግማሽ በላዩን ዲሲ ውስጥ ለግል ድርጅት ወይም ለበጎ አድራጎት ድርጅት የሚሠሩ ከሆነ ይገባዎታል። ዲሲ ቤት ኖሮዎት ሬገን ኤርፖርት የሚሠሩ ከሆነ ግን አይገባዎትም። ኤርፖርቱ ስሙ የዋሽንግተን ይሁን እንጂ መሬቱ ቨርጂኒያ ነው። ፓርኪንግ ላይ ለሚሠሩ ወገኖች ደግሞ ጉዳዩ እንደ ጋራዡ ይለያያል፤ ያው አንዱ ኩባንያ ዲሲም ሜሪላንድም ጋራዥ ሊኖረው ስለሚችል፣ አብዛኛውን ሰዓት የት እንደሚሠሩ ነው የሚቆጠረው። የፌዴራል መንግሥትና የዲሲ መንግሥት ሠራተኞች በዚህ ፕሮግራም ውስጥ የሉም።

ታክሲና ኡበር የሚነዱ፣ በግላቸው የሚሠሩ ሰዎች በቀጥታ አይገቡም። ከፈለጉ ራሳቸው ተመዝግበው መዋጮውን መክፈል አለባቸው። ምዝገባው በግል ሥራ በጀመሩ በ60 ቀን ውስጥ፣ ካለፈም በየዓመቱ ኅዳርና ታኅሣሥ (ኖቬምበርና ዲሴምበር) ላይ ነው፤ አንዴ ከገቡ በኋላም ለሦስት ዓመት ይታሰራሉ። ሰው ከታመመ በኋላ ልመዝገብ ማለት ቤቱ ከተቃጠለ በኋላ ኢንሹራንስ እንደመግዛት ነው።

ለቅጥር ሠራተኛ መዋጮውን የሚከፍለው ቀጣሪው ነው። ከሐምሌ 2024 ጀምሮ የደመወዙ 0.75 በመቶ ነው፤ ከሠራተኛው መቁረጥ አይፈቀድም። የደመወዝ ወረቀትዎ ላይ በዚህ ስም የተቀነሰ ነገር ካዩ ስሕተት ነው፣ ይጠይቁ።

ስሌቱ እንዲህ ነው። ካለፉት አምስት ሩብ ዓመታት ብዙ ያገኙባቸው አራቱ ተመርጠው ይደመሩና ለ52 ይካፈላሉ፤ የሳምንት አማካይ ገቢዎ ይህ ነው። አማካዩ ከዲሲ ዝቅተኛ የሰዓት ክፍያ አንድ ተኩል እጥፍ በ40 ሰዓት ተባዝቶ ከሚገኘው ካልበለጠ 90 በመቶው ይከፈልዎታል። ከዚያ በላይ ያለው ትርፍ በ50 በመቶ ይታሰባል። ከሐምሌ 2025 ጀምሮ በነበረው የ17.95 ዶላር ዝቅተኛ ክፍያ ብናሰላው መሥመሩ 1,077 ዶላር ላይ ያርፋል። በሳምንት 800 ዶላር የሚያገኝ 720 ይደርሰዋል። 1,300 የሚያገኝ ደግሞ ከ1,077ቱ 969.30፣ ከቀሪው 223 ግማሹን 111.50፣ በድምሩ 1,080.80 ያገኛል። ጣሪያም አለው፤ ሲጀመር በሳምንት 1,000 ዶላር ነበር፣ ከዚያ ወዲህ እየተስተካከለ ከፍ ብሏል። ዝቅተኛ ገቢ ላለው ሰው 90 በመቶ ማለት፣ የመጓጓዣና የምሳ ወጪ ሲቀነስ፣ ኪሱ ላይ እምብዛም ለውጥ የለውም ማለት ነው። የምናደንቀውም ይህንን ነው።

ሁለት ነገሮች ግን ይህን ቁጥር ያበላሹታል። አንደኛው «ለ52 ይካፈላል» የሚለው ነው። ከስድስት ወር በፊት ሥራ የጀመረ ሰው በሳምንት 800 እያገኘ 26 ሳምንት ቢሠራ ድምሩ 20,800 ነው፤ ለ52 ሲካፈል 400 ይሆናል፤ ክፍያውም 360 ብቻ። ሰዎች «ለምን በግማሽ ከፈሉኝ?» ብለው የሚበሳጩት በዚህ ነው፤ ክፍያውን የሚያስተዳድረው የዲሲ ቢሮ ተሳስቶ አይደለም። ሁለተኛው የሚቆጠረው ቀጣሪው በየሩብ ዓመቱ ያስመዘገበው ገቢ ብቻ መሆኑ ነው። ምግብ ቤት ውስጥ ግማሹ በቼክ ግማሹ በእጅ የሚከፈለው፣ ያልተመዘገበ ቲፕም፣ በዚህ ሂሳብ የለም። ያኔ ያተረፈ የመሰለው ታክስ ዛሬ ከአስታማሚው ላይ ይቆረጣል።

ቀጥሎ፦ የማን ሕመም? ልጅ፣ ወላጅ፣ የባል ወይም የሚስት ወላጅ፣ የትዳር ጓደኛ፣ አያት፣ ወንድምና እህት ይገባሉ። አጎት፣ አክስትና የአክስት ልጅ የሉም። እኛ የአክስታችንን ልጅ «ወንድሜ» ማለት ስለለመድን ቅጹ ላይም እንደዚያው የሚጽፉ አሉ፤ ማስረጃ ሲጠየቅ ነገሩ ይፈርሳል፣ ሲብስም እንደ ማጭበርበር ሊታይ ይችላል። በሌላ በኩል በሕፃንነትዎ እንደ ወላጅ ሆና ያሳደገችዎ አክስት በሕጉ ዓይን ወላጅ ናት። እዚያ ላይ «አክስቴ» ብሎ መጻፍ መብትን በእጅ መጣል ነው፤ «በሕፃንነቴ ያሳደገችኝ» የሚለው በግልጽ ይጻፍ፣ የትምህርት ቤት ወይም የስደት ጉዳይ ወረቀት ካለም ይያያዝ።

የዝምድና ማስረጃው ለሐበሻ ቤተሰብ ከሁሉም የከፋው ክፍል ነው። የመጨረሻ ስም ተመሳሳይ መሆን የለመደ መርማሪ የእናትና የልጅ ስም ሲለያይበት ግራ ይገባዋል፤ እኛ ዘንድ የልጅ ስም ከአባት እንጂ ከእናት አይወጣም። ወንድማማቾችም አንዱ በአባቱ፣ ሌላው በአያቱ ስም ተመዝግቦ እንግዳ ለእንግዳ ይመስላሉ። ኢትዮጵያ ውስጥ የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በአገር ደረጃ የጀመረው በ2016 ስለሆነ፣ ዕድሜያቸው የገፋ ሰዎች የልደት ወረቀት ብዙ ጊዜ ዘግይቶ የወጣ ነው፤ የስሙ አጻጻፍ ከፓስፖርቱ ጋር፣ ቀኑም ከዘመን አቆጣጠር ለውጡ የተነሳ ላይገጥም ይችላል። ስለዚህ ከልደት ወረቀቱና ከትርጉሙ ጋር አንድ ገጽ ማብራሪያ አብሮ ይግባ፦ ስማችን በዚህ ደንብ ይወጣል፣ ይህ ስም የአባቷ ነው፣ ይህ አጻጻፍና ያኛው አንድ ሰው ናቸው። ለወንድም ወይም ለእህት ከሆነ የሁለታችሁም የልደት ወረቀት ያስፈልጋል፤ የጋራው ወላጅ የሚታየው ሁለቱ ጎን ለጎን ሲቀመጡ ነው።

የሕክምና ቅጹን የሚሞላው የሕመምተኛው ሐኪም ነው። እርጅና ብቻውን አይበቃም፤ ሆስፒታል ወይም ሆስፒስ (በሕይወት መጨረሻ ላይ ላሉ ሕመምተኞች እንክብካቤ የሚሰጥበት ቦታ) መተኛትን፣ ወይም ቤት ሆኖ በሐኪም ክትትል ሥር ያለ ተከታታይ ሕክምናን የሚጠይቅ ከባድ ሕመም መሆን አለበት። ማመልከቻ የሚያዘገየው ግን አብዛኛውን ጊዜ የሕመሙ ዓይነት ሳይሆን የሐኪሙ ችኮላ ነው። «እንደ አስፈላጊነቱ» ተብሎ የተጻፈ ቅጽ ተመልሶ ይመጣል። ከየትኛው ቀን እስከ የትኛው ቀን፣ በሳምንት ስንት ቀን፣ አስታማሚው ምን እንደሚያደርግ (ማጠብ፣ መድኃኒት መስጠት፣ ወደ ሕክምና ማመላለስ፣ ማስተርጎም) በቁጥርና በቃል ይሞላ። ቅጹን እንግዳ ተቀባይዋ ጋ ትቶ ከመሄድ፣ እነዚህን ነጥቦች በቁራጭ ወረቀት ጽፎ አብሮ ማስገባት ሁለት ሳምንት ያድናል። ፊርማና ቀኑን ሳያዩ ደግሞ ከክሊኒኩ አይውጡ።

ጊዜው ላይ ጥንቃቄ ያሻል። ማስታመሙ ሳይጀመር ቀድሞ ማመልከት አይቻልም፤ «ኦፕራሲዮኑ በሚቀጥለው ወር ነው፣ ዛሬ ልጨርሰው» ያለ ሰው ድካሙ መና ይቀራል። ከጀመረ በኋላ ደግሞ 30 ቀን ብቻ አለ፤ ካለፈ ለምን እንደዘገየ በቂ ምክንያት ማስረዳት ይመጣል። ለቀጣሪው ግን አስቀድሞ የሚታወቅ ከሆነ ከ10 ቀን በፊት በጽሑፍ ይነገረዋል፤ ድንገተኛ ከሆነ ፈረቃው ሳይጀመር። በስልክ መልእክትም ቢሆን፣ ቀኑ የሚታይበት ነገር ይቀመጥ። ማመልከቻው ሙሉ ከሆነ ውሳኔው በ10 የሥራ ቀናት ውስጥ መምጣት አለበት፤ «ሙሉ ከሆነ» የምትለዋ ቃል ላይ ነው ሁሉም ነገር የቆመው። ድሮ የነበረው ያለ ክፍያ የአንድ ሳምንት መቆያ ቀርቷል።

12ቱን ሳምንት በአንድ ጊዜ መጨረስ ግዴታ አይደለም፤ ለአስታማሚ ትልቁ ጥቅም ይህ ይመስለናል። ዲያሊሲስ (የኩላሊት እጥበት) በሳምንት ሦስት ቀን ለሚያደርግ አባት፣ አምስት ቀን የሚሠራ ልጅ 60ውን የሥራ ቀን በሦስት በሦስት ቢያወጣው 20 ሳምንት ያደርስለታል። የሚከፈለው ግን ሙሉ ቀን ነው። ጠዋት አባቱን አድርሶ ከሰዓት ሥራ የገባ ሰው ለዚያ ቀን ምንም አያገኝም። ስለዚህ ቀጠሮዎችን በተቻለ መጠን አንድ ቀን ላይ ማጨቅ፣ ለግማሽ ቀን ደግሞ ከቀጣሪው የሕመም ፈቃድ መውሰድ ይሻላል። በዲሲ ሕግ ከ25 በታች ሠራተኛ ያለው ድርጅት እንኳ በዓመት እስከ 3 ቀን፣ 100ና ከዚያ በላይ ያለው እስከ 7 ቀን የተከፈለ የሕመም ፈቃድ ይሰጣል፤ ለቤተሰብ ሕመምም ያገለግላል።

አሁን ወደ ጎደለው ኮከብ። ቢሮው ገንዘብ ይከፍላል እንጂ «ቦታህ ይጠብቅሃል» አይልም። ቦታውን የሚጠብቁት ሌሎች ሁለት ሕጎች ናቸው። የፌዴራሉ (ኤፍኤምኤልኤ፣ 1993) 12 ሳምንት ያለ ክፍያ ይሰጣል፤ ቀጣሪው በ75 ማይል ውስጥ 50 ሠራተኛ፣ እርስዎም 12 ወርና 1,250 ሰዓት ሊኖራችሁ ይገባል። የዲሲው ለጋስ ነው፦ 20 ሠራተኛ ላለው ድርጅት፣ 1,000 ሰዓት ለሠራ፣ በ24 ወር ውስጥ 16 ሳምንት። ይህኛው ሕግ በደም የሚዛመድን ሁሉ ቤተሰብ ስለሚል፣ ለአጎትዎ ክፍያው ባይኖርም ቦታዎ ሊጠበቅ ይችላል። ስምንት ሠራተኛ ባለው ካፌ የሚሠራ ግን ሁለቱም አይደርሱለትም። ፈቃድ ስለጠየቀ ብቻ እሱን ማባረርና መበቀል ክልክል ነው፣ ለዲሲ የሰብአዊ መብቶች ቢሮም ሊከስ ይችላል፤ ቢሆንም ክስና የተጠበቀ ወንበር አንድ አይደሉም። ከፈቃዱ በፊት ከባለቤቱ ጋር የመመለሻውን ቀን በጽሑፍ መስማማት እዚህ ላይ ከሕግ ይበልጣል። አንዱን ሕግ ጠይቆ ሁለተኛውን መርሳትም የተለመደ ጥፋት ነው፦ የቢሮው ማመልከቻ ለገንዘቡ፣ ለቀጣሪው የሚጻፈው ደብዳቤ ለቦታው፤ ሁለቱም በአንድ ቀን ይግቡ።

እናት አዲስ አበባ ቢሆኑስ? የፌዴራሉ ሕግ በሚሠራበት አገር ፈቃድ ያለው ሐኪም የሰጠውን ማረጋገጫ ይቀበላል፤ ቀጣሪው ከጠየቀም የእንግሊዝኛ ትርጉሙን ማቅረብ የሠራተኛው ግዴታ ነው። ለክፍያው ግን ቲኬት ከመቁረጥ በፊት ለቢሮው ጽፎ መልሱን በጽሑፍ መያዝ ነው።

ቋንቋን በተመለከተ ቅሬታ ማቅረብ ይከብዳል። በ2004 የወጣው የዲሲ የቋንቋ ሕግ አስተርጓሚ በነፃ ያስገኛል፤ ስልክ ሲያነሱ «አማርኛ» ማለት ይበቃል። ልጅን ትምህርት ቤት አስቀርቶ ማስተርጎም አያስፈልግም፣ የሕክምና ቃል ላይ ልጆች ይሳሳታሉም።

ታክሱን አይርሱ። በ2025 የወጣው የአይአርኤስ (የፌዴራሉ ታክስ ሰብሳቢ መሥሪያ ቤት) ብይን እንዲህ ያለውን የቤተሰብ ፈቃድ ክፍያ በፌዴራል ገቢ ውስጥ ይደምረዋል፤ ከየክፍያው ትንሽ ቆንጥሮ ማስቀመጥ ሚያዝያ ላይ ከድንጋጤ ያድናል። የሥራ አጥ ክፍያ እየተቀበሉ ይህንንም መውሰድ ደግሞ አይቻልም።

ሜሪላንድ ውስጥ ለሚሠሩ፣ የግዛቱ የራሱ ፕሮግራም ጸድቆ ብዙ ጊዜ ተገፍቷል፤ አሁን በተያዘለት ቀን መዋጮው በጥር 2027፣ ክፍያው በጥር 2028 ይጀምራል። እስከዚያ ድረስ ከዲሲና ከሜሪላንድ ሥራ መምረጥ የሚችል፣ ቤቱም ሕመምተኛ ያለበት ሰው፣ ከሰዓት ክፍያው ጋር ይህንንም ደምሮ ቢያይ ደግ ነው።