በጠፈር ለመዋኘት ማን ይሻላል፦ ዓሣ ወይስ ጄሊፊሽ?

ዓሣና ጄሊፊሽ ውኃ በሞላ ገንዳ ወደ ጠፈር ቢወሰዱ፣ ላይና ታችን የሚለዩበት የስበት ስሜት ስለሚጠፋባቸው ሁለቱም መጀመሪያ ግራ መጋባታቸው አይቀርም። እ.ኤ.አ. በ1973 በስካይላብ የጠፈር ጣቢያ የነበሩት ትናንሽ ዓሦች ክብ እየሠሩ ቢዞሩም፣ ዓሣ በተፈጥሮው ጀርባውን ወደ ብርሃን ስለሚያዞር እያደር አዋዋኛቸው ተስተካክሏል፤ ከሁሉ የሚያስደንቀው ግን እዚያው የተፈለፈሉት ከጅምሩ ደህና መዋኘታቸው ነው። በ1994 ደግሞ ኮሎምቢያ በተባለው የአሜሪካ የጠፈር መንኮራኩር የተጓዙ የሜዳካ ዓሦች በጠፈር ተራክበው እንቁላል ጥለዋል። ስለዚህ እኔ የምመርጠው ዓሣን ነው።

ጄሊፊሽም በ1991 በዚያው መንኮራኩር ተጉዞ በብዛት ተራብቷል። ሆኖም ስበትን የሚያውቀው በጃንጥላ መሰል አካሉ ጠርዝ ባሉ ጥቃቅን ክሪስታሎች በመሆኑ፣ በጠፈር ካደጉት መካከል ወደ ምድር ሲመለሱ ሰውነታቸውን በወጉ እያኮማተሩ መዋኘት ያቃታቸው ነበሩ።